የባለ አምስት መቶው ቀዳዳ

የካቲት 4 ቀን

ለተከበሩ ቀራፂ፣

የባለ ባርኔጣው ውሽማ አልነበርኩም። ሰላምታው ይቆየንና ይህ ይቅደም፤ ወሬ ከፖስታ ይፈጥናልና ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ እርስዎ ዘንድ ደርሶ ይሆናል። ሰውየውን በሕይወቴ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ማተሚያ ቤቱን ሊጎበኝ የመጣ ዕለት፣ በሩቁ፣ ያውም ከጀርባው። ባርኔጣውን አየሁ ብል ይቀላል።

አሁን ሰላምታ። እንደምን ሰነበቱ? ሳልዎ ተሻለዎት? አርባ አራት ዓመት ሙሉ ስላልጻፍኩ ይቅርታ አልጠይቅም፤ እርስዎም አልጻፉልኝም። ከረሱኝ፣ የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ አራሚ ነኝ፣ ክፍል አራት። መስኮቴ ከግቢው ማዶ ከእርስዎ የመቅረፂያ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነበር። አድራሻዎን ያገኘሁት ከጡረታ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሦስት ቀን አመላልሰውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንኩ አሮጌ ኖቶችን ለሕዝብ ሊያሳይ አንድ አዳራሽ አዘጋጅቷል። በመጀመሪያው የመስታወት ሣጥን ባለ ዘውዶቹ አሉ። በሁለተኛው ባለ ባርኔጣው አለ፤ በባለ አንዱ ላይ በገለባ ባርኔጣ፣ በባለ አምስቱ ላይ በብረት ቆብ፣ በባለ አሥሩ ላይ መሐንዲስ ሆኖ፣ በባለ መቶው ላይ ዶክተር ሆኖ። በሦስተኛው እሱን የጣለው ኮሚቴ ፊቱን በስቶ ያወጣቸው ቀዳዳ ኖቶች ተሰቅለዋል። በአራተኛው ሳይሠራ የቀረው ግድብ። ከዚያ አሁን የምንገበያይባቸው፣ ወፍ ያለባቸው።

«ወፍ ለምን ተመረጠ?» ብዬ የትርኢቱን ኃላፊ ጠየቅኋት።

«እማማ፣ እስካሁን ከሥልጣን የወረደ ወፍ የለማ» አለችኝ። ልጅቷን ወደድኳት። የመጣሁት ግን ልጣላት ነበር።

በሦስተኛው ሣጥን ውስጥ አንድ ያልተበሳ ባለ አምስት መቶ አለ። ከማተሚያ ቤታችን ሟች ዳይሬክተር መሳቢያ ተገኘ ይላሉ። ከሁለት ሚሊዮን ውስጥ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ያንን ኖት ያተምነው ባለ ባርኔጣው ሊወድቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ ከግምጃ ቤት ሳይወጣ እሱ ወረደ፣ ኮሚቴው ሌላ ወረቀት መግዣ ስላልነበረው በስቶ ወደ ገበያ አወጣው። ስለዚህ ሙሉውን ሰው አያውቀውም። ፊት ለፊቱ ባለ ባርኔጣው አለ። ጀርባው ላይ ደግሞ ልክ ከፊቱ በስተኋላ ነዶ የተሸከመች ሴት አለች። የእህቴ ልጅ ባንኩ ስለምትሠራ ቀድማ አይታ፣ በሰው መሀል «አክስቴ! አክስቴ ናት!» ብላ ጮኸች። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የባለ ባርኔጣውን ውሽማ ሊያይ መንገዴ ላይ ቆመ። ዳቦ ሻጩ እንኳ እጅ ነሣኝ። ሠላሳ ዓመት ዳቦ ሸጦልኛል፤ እጅ ነሥቶኝ አያውቅም።

ኖቱ ፊት የሚሰቀለው መግለጫ «ጀርባው ላይ ያለችው ሴት የመሪው የቅርብ ወዳጅ እንደነበረች ይነገራል» ይላል።

«ይነገራል?» አልኳት። «ተናጋሪው ማነው? ስም የለውም?»

«የጽሑፍ ማስረጃ ያምጡልኝና አስተካክላለሁ፣ እማማ። መግለጫዎቹ መጋቢት 12 ጠዋት ወደ ማተሚያ ይሄዳሉ። ከታተሙ በኋላ ግን ምንም ማድረግ አልችልም።»

ማስረጃ የሚሆን ሰው በሕይወት ያለ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሕጋችንን ያስታውሳሉ፤ ማንም ሠራተኛ ሙሉ ኖት አያይም። እኔ ጽሑፉን የማየው መስኮት በተቀደደለት ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ሥዕሉን ይሸፍናል፤ ሥዕሉን የሚመረምረው ሰውዬ ካርቶን ደግሞ ጽሑፉን ይሸፍናል። እኔ ካርቶኑን አንድ ቀን እንኳ አንሥቼ አላውቅም። የገዛ ፊቴ ያለበትን ወረቀት «ስህተት የለበትም» ብዬ ፈርሜ አሳለፍኩ። አሁን ሳስበው፣ ያ ሥዕል መርማሪ በኮሪደር ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ዋልሽ፣ አምስት መቶ!» ይለኝ ነበር። በደመወዜ ማነስ የሚያፌዝ መስሎኝ ለአለቃ ከስሼዋለሁ።

ፊቴ እዚያ እንዴት እንደገባ ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልኝ። አጭር ይሁን።

የቀድሞዋ አራሚ፣ ክፍል አራት

የካቲት 13 ቀን

ለተከበሩ ወይዘሮ፣

ይህን የሚጽፈው እጄ አይደለም። ዓይኔ ደክሟል። እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ባል ይጽፋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የምንጽፈውም ሱቁ ውስጥ ነው፣ ከቤታችን ደህና ብርሃን ያለው እዚያ ስለሆነ።

(እማማ፣ ጸሐፊው ነኝ፣ እንደምን አሉ? እጅ እነሣለሁ።)

ደብዳቤዎ ሲነበብልኝ ድምፅዎን የሰማሁ መሰለኝ። አስታውስዎታለሁ። ሳሉ ትቶኛል።

(አልተወውም።)

ስለ ሴትዮዋ ለጠየቁኝ መልሴ ይህ ነው። የቀረፅኳት ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ በውጭ አገር የቀን መቁጠሪያ ላይ የነበረ ነው። የሐምሌ ወር ገጽ ላይ። እርስዎን ከመሰለች አጋጣሚ ነው፤ ሰው ከሰው ይመሳሰላል። ይህንኑ ለባንኩ ይንገሩልኝ።

(እዚህ ላይ አባባን ሳል ያዘው፣ ውሃ ሰጠሁት። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ «ውሸታቸውን ነው» ይላል። አባባ ይህን አትጻፍ ብሎኛል።)

ጤናዎን ይጠብቁ።

ቀራፂው

የካቲት 21 ቀን

ለተከበሩ ቀራፂ፣

ደብዳቤዎም፣ ከእሱ በሁለት ቀን ዘግይቶ የመጣው ፖስትካርድም ደርሰውኛል። በፖስትካርዱ ለጠየቁኝ በተራ እመልሳለሁ። አዎ፣ አገባሁት። አዎ፣ ያው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው። የለም፣ አሁን የለም፤ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። አዎ፣ ደግ ሰው ነበር። የመጨረሻውን ጥያቄዎን ፀጉር አስተካካዩ ሰርዞታል፤ በብርሃን አንጋጥጬ ባየውም አልተነበበልኝም።

ወደ ቀን መቁጠሪያዎ ልመለስ። ውሸት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አሮጌውን ካርቶኔን ይዤ ባንክ ሄድኩ። ሙሉውን በአንዴ ማየት ስላልለመደብኝ፣ መስታወቱ ላይ ካርቶኑን አስደግፌ ጥግ በጥግ ተመለከትኩት፤ ነዶውን፣ እጅን፣ አንገትን።

ልጅቷ መጣችና «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ።

«ሥራዬን» አልኳት። «አርባ አራት ዓመት ዘግይቼ።»

ጉንጩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እንደሚያውቁት፣ ወይም እንዳላወቁ እንደሚሆኑት፣ ግራ ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝ ነጥብ አለች። ኖቱ ላይ ያለችው ሴትም አለቻት፤ ግን በቀኝ።

እኔ አራሚ ነኝ እንጂ ቀራፂ አይደለሁም። ሆኖም አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ እጅዎ የሚሠራውን ሳላይ አልቀረሁም። ብረቱ ላይ የተቀረፀው ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ስለዚህ ከፎቶግራፍ ሲቀርፁ ፎቶግራፉን መስታወት ፊት አቁመው፣ መስታወቱን እያዩ ነበር የሚቀርፁት። ባለ ባርኔጣውን እንደዚያ ቀረፁት፤ የወርቅ ጥርሱ በቦታው ነው። ነዶ ተሸካሚዋ ግን ተገልብጣለች። ስለዚህ መስታወት አልነበረም፣ ስለዚህ ፎቶግራፍ አልነበረም። አንድ ሕይወት ያላትን ሴት በቀጥታ እያዩ ብረቱ ላይ አሳረፏት። በግቢው ማዶ ስንት ሴት ተቀምጣ ነበር?

ስህተቱ ከሐሜቱ በላይ አናዶኛል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዎ አንድ ስህተት አልተገኘብዎትም ተብሎ ሜዳሊያ ሲሰጥዎ አጨብጭቤያለሁ።

የቀዳዳው ዘመን እንዴት አለፈ ላሉኝ፣ እንደ ሰው አለፍነው። ያን ጊዜ ከባለ አምስት መቶው በታች ዳቦ እንኳ የሚገዛ ኖት አልነበረም። ቀዳዳው የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ያህላል፤ ኖቱ በትንሽ ነገር ለሁለት ይቀደዳል። ሥጋ ሻጩ ሚስማር ላይ ይሰቅለው ነበር። ልብስ ሰፊው በክር ያሰካው ነበር። እኔም ቀዳዳውን እንዲህ ያሰፋውን ሰው በየቀኑ እረግመው ነበር፤ ጫማ ልገዛ ቆሜ አንዱ እጄ ላይ ለሁለት ተቀደደና በባዶ እጄ ተመልሻለሁ።

ባለቤቴ ግን ይጫወትበት ነበር። ደመወዙን በተቀበለ ቁጥር ከሁሉ በፊት አንዱን ኖት ወደ ዓይኑ ያነሣና በቀዳዳው አሻግሮ ያየኛል። «የማን ፊት መኖር እንዳለበት አሁን አወቅኩ» ይላል። እኔ «ኖቱን አስቀምጥ፣ ይቀደዳል» እለዋለሁ። ዘመኑ እስኪያልፍ በየወሩ አደረገው።

እውነቱን ይጻፉ። ሃያ አንድ ቀን ቀርቶናል።

አራሚዋ

የካቲት 28 ቀን

ይድረስ ለእማማ፣

ፀጉር አስተካካዩ ነኝ፣ በራሴ ስም ነው የምጽፈው። አባባ አያውቅም፤ ቢያውቅ ይቆጣኛል።

የእማማን ደብዳቤ ጮክ ብዬ እያነበብኩለት ነበር። ነጥቧ በቀኝ ናት የሚለው ጋ ስደርስ ደንበኞቹ አጨበጨቡ፤ ይቅርታ፣ ሱቁ ሞልቶ ነበር። አባባ ግንባሩን መትቶ «መስታወቱ! መስታወቱን!» አለ። ሳቀም። ከዚያ ባለቤትዎ በቀዳዳው ያዩዎት ነበር የሚለውን አነበብኩ። «አቁም» አለኝ። አቆምኩ። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። «ውጣ» አለኝ። «አባባ፣ ሱቁ የኔ ነው» አልኩት። «እንግዲያው እኔ እወጣለሁ» ብሎ ከዘራውን ትቶ ሄደ።

ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ፤ በር ዘግቶ፣ የድሮ አጉሊ መነጽሩን ይዞ፣ ራሱ እየጻፈ ነው። ባለቤቴ ምግቡን በር ላይ ታስቀምጥለታለች። ዛሬ ጠዋት በበሩ ስንጥቅ «እርዳታ ልላክ?» አልኩት። «ቀለም ላክ» አለኝ።

እማማ፣ እባክዎ ሲመጣልዎ በእጅ ጽሑፉ አይፍረዱበት። እኔም ላርምልህ ብለው «አራሚ አለኝ» አለኝ።

የሱቁ ደንበኞች ሁሉ ሰላም ይሉዎታል። ግማሾቹ ለአባባ፣ ግማሾቹ ለእማማ ተወራርደዋል።

ጸሐፊው

መጋቢት 5 ቀን

ለአንቺ፣

ዓይኔ አያይም። እጄ ግን መንገዱን ያውቃል።

የቀን መቁጠሪያ የለም። ሐምሌም የለም። ይቅርታ። ፀጉር ቤት ውስጥ እውነት መናገር ከባድ ነው።

ትእዛዙ «የአገር እናት፣ ነዶ ተሸክማ» የሚል ነበር። ሦስት ንድፍ አቀረብኩ። አንዷ አኮረፈች ተባለ፣ አንዷ ከሳች ተባለ፣ አንዷ ባለ ባርኔጣውን ትበልጠዋለች ተባለ። አራተኛውን ሳልነድፍ ብረቱን ይዤ ተቀመጥኩ። መስኮትሽ ክፍት ነበር። ስህተት ስታገኚ የታች ከንፈርሽን ትነክሻለሽ። ያን ቀን ብዙ ስህተት አግኝተሽ ነበር።

መስታወቱን ረሳሁት። ያየሁትን እንዳየሁት አኖርኩት። ሲታተም አየሁና ደነገጥኩ። ማንም አላወቀም፣ ከሥዕል መርማሪው በቀር። እሱም ዝም አለ፤ አንቺ ስትከሺው እንኳ ዝም አለ። ነፍሱን ይማር።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እንዳጨሽ አውቅ ነበር። ስለዚህ የምናገረው አልነበረኝም። አምስት መቶው ይናገርልኝ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ካርቶንሽን አላነሣሽም። በቤቱ ውስጥ ሕጉን የምታከብር አንዲት ሰው ነበረች፣ እሷም አንቺ ሆንሽ።

ባለ ባርኔጣው ወረደ። ኮሚቴው ሰብስቦ ጠየቀኝ። «ይህች ማናት? ከጀርባው ያስቀመጣት በከንቱ አይደለም። ወዳጁ ናት። ትያዝ።» አላውቃትም አልኩ። አላመኑኝም። «እናጣራለን» አሉ። ይህ ወሬ አዲስ እንዳይመስልሽ፤ ያኔም ነበር።

ሊቀ መንበሩ የእሱ ፊት የሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ቀዳዳ ይበሳ አለ። ያ የእሱን አፍንጫ ይወስዳል። ከአንቺ የሚወስደው ግን አገጭሽን ብቻ ነው። ዓይንሽ፣ ጉንጭሽ፣ ነጥቧ፣ ሁሉ ይቀራል፤ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ፣ በየሰው ኪስ።

ተነሥቼ «ክቡር ሊቀ መንበር፣ ባርኔጣው ይተርፋል» አልኩ። «ሕዝቡ ባርኔጣውን ካየ ፊቱን ራሱ ይሞላዋል።» «ጆሮውስ?» አለ አንዱ። «ጆሮውም ይተርፋል» አልኩ። በጆሮው በጣም ተናደዱ። የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንሥቼ ኖቱ ላይ ደፋሁት። «ይህን ያህል» አልኩ። በእጅ ብልጫ አለፈ።

የረገምሽው ሰው እኔ ነኝ። የጫማሽን ነገር አላውቅም ነበር።

መብሻውንም ራሴ ሠራሁት። በእያንዳንዱ ምት ፊትሽ ወለል ላይ ይወድቃል። ክብ ክብ ወረቀት፣ በጆንያ። አሥራ አንድ ቀን ቻልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ሳልሰናበትሽ ከተማውን ለቅቄ ወደዚህ መጣሁ። ከምነግርሽ ሁሉ ይህን ነው መናገር የፈራሁት።

የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ቀረ፣ ፊቷ የትም የለም ብዬ ኖርኩ። ባልሽ በዚያው ቀዳዳ ሲያይሽ እንደኖረ ጻፍሽልኝ። ደስ አለኝ። ቀናሁም። ሁለቱንም አስተካክዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ አንቺ አርሚው።

ለባንኩ የተፈረመ ወረቀት አብሮ አለ። መክፈቻው መቼ ነው? እኔ የት ልቁም?

መጋቢት 11 ቀን

ለተከበሩ ቀራፂ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ከቀትር በፊት ደረሰኝ። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ ላይ አራት ቃል ብቻ አለ፣ መስመሩም እንደ መሰላል ወደ ላይ ይወጣል። ዘጠኝ የፊደል ግድፈት አግኝቻለሁ። አላረምኳቸውም። «አንቺ» ብለውኛል። እሱንም አላረምኩትም።

አርሚው ያሉኝን ግን ሞክሬ ነበር። እንዳለ ይቆይ፤ ስህተት የለበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ እርግማኔን አነሣለሁ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ጫማው ቡናማ ነበር፣ ዳግመኛም አላገኘሁትም።

ሥዕል መርማሪውን በሐሰት ከስሼ ነበር። ይህን ለማንም ሳልናገር ማለፍ አልወድም፤ መቃብሩን አላውቅም፣ እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ።

ወረቀትዎን ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ አፏን ይዛ ሳቀች።

«አክስቴ፣ ይህን ለባንኩ ከሰጠሽ እኮ የባለ ባርኔጣው ውሽማ መሆንሽ ይቀርና የቀራፂው ፍቅረኛ ትሆኛለሽ» አለች።

«የመጀመሪያው ውሸት ነው» አልኳት።

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈ ነው።»

«በሌላው ወገንስ?»

«አንቺ ሥራ የለሽም?» አልኳት። ሄደች፤ ዳቦ ቤት እንደምትቆም ግን አውቃለሁ።

ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ያኔ ካርቶኔን አንሥቼ ባይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ነጥቧ በቀኝ ናት ብዬ ኖቱን እመልሰው ነበር፤ ሌላ ነገር የማስብ ሴት አልነበርኩም። ባለቤቴን አግብቼዋለሁ፣ በዚያም አልተጸጸትኩም፤ ይህን ልብ ይበሉ። ግን አንድ ሰው ፊቴን ለማዳን ገንዘባችንን ሁሉ እንደቀደደ ሳላውቅ ብሞት ያበሳጨኝ ነበር።

ልጅቷ ለመግለጫው ከሠላሳ ቃል በላይ ቦታ የለም ብላለች። የእርስዎ ወረቀት ሦስት ገጽ ስለሆነ እንዲህ አሳጠርኩት፦

«ጀርባው ላይ ያለችው ሴት የማተሚያ ቤቱ አራሚ ናት። ቀራፂው ሳታውቅ በመስኮት አይቶ ቀረፃት። ቀዳዳው እንዲህ የሰፋው ከእስር ሊያድናት ነው። ነጥቧ በግራ ጉንጯ ናት፤ ስህተቱን ማረም የነበረባት እሷው ነበረች።»

ቃሉን ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፣ አያልፍም። «ሊያድናት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መለስኩት።

ትርኢቱ የሚከፈተው መጋቢት 20 ነው። የት ልቁም ላሉኝ፣ ከሦስተኛው ሣጥን በስተቀኝ፣ እኔ በስተግራ። ዓይንዎ ባያይ የሚታየውን እነግርዎታለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ይምጣ፤ ደንበኞቹ ግን አይምጡ።

ነገ በመጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። ወረቀትዎን ቅጂ አስቀርቼ በፖስታ እከታለሁ። ባንኩ ከመከፈቱ ሩብ ሰዓት ቀድሜ በሩ ላይ እቆማለሁ። ልጅቷ «ይነገራል» የሚለውን ቃል ፊቴ ላይ እንድትሰርዘው አደርጋለሁ። አዲሱን መግለጫ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ሁለት ጊዜ አነባለሁ፣ አንዴ ከመጀመሪያው፣ አንዴ ከመጨረሻው። ከዚያ ሁለት የአውቶቡስ ትኬት ገዝቼ እልክልዎታለሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሳልፍ ዳቦ ሻጩ እጅ ከነሣኝ አጸፋውን እመልሳለሁ።

ከባንኩ ከመውጣቴ በፊት ግን ሦስተኛው ሣጥን ፊት እቆማለሁ። ካርቶኑን ዛሬ ከቦርሳዬ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ነገ ሙሉውን ኖት በአንዴ አያለሁ።

ሌላ ስህተት ካገኘሁ አሳውቅዎታለሁ።

አራሚዋ፣ ክፍል አራት፣ በመስኮቱ በኩል